የአሮጌው ጣቢያ ዕቃ ጠባቂ፣ የወይዘሮ ፀዳል ፀጋው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፀዳል ፀጋው ከአባታቸው ከአቶ ፀጋው ደምሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅነሽ በላቸው በ1947 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር ጋራዥ የብየዳ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ባቡር በቆመ ቁጥር በፉርጎ መስኮት ለመንገደኛ ብርቱካንና ዘይቱን የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ለሐዲዱ ቅርብ ስለነበረ ወይዘሮ ፀዳል ሕፃን ሳሉ ባቡር ካላለፈ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር ይባላል።

ወይዘሮ ፀዳል በታመሙበት ወራት ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን የእህታቸውን ልጅ ፅዮናዊትን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ስሞት ‹እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ› ብላችሁ በሁለት መስመር እንዳትጨርሱኝ። እሱ ለሁሉም ይባላል። እኔ ላይ የሆነውን ተናገሩ» ብለዋታል። በቀብር ቀን መራራ ነገር መስማት ለማንም ደስ አይልም። ቃላቸው ነውና ግን እንደነገሩን ይነበባል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ድሬዳዋ በሚገኘው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው ዓይናቸውን በብየዳ ብልጭታ ሲታመሙ ግን ትምህርቱን አቋርጠው እናታቸውን ለመርዳት ተገደዱ። በ1966 ዓ.ም. በባቡሩ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ከነበሩት ከአቶ እንድሪያስ ኃይሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በዓመቱ አቶ እንድሪያስ ወደ ጅቡቲ ስለተዛወሩ ሁለቱም ጓዛቸውን ጠቅልለው መጥተው ከጣቢያው ጀርባ በነበሩት የሠራተኞች ቤቶች ውስጥ ኑሮ ጀመሩ። ልጃቸው አማኑኤል በ1970 ዓ.ም.፣ ልጃቸው ሀና በ1974 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ጅቡቲ ሲመጡ ሙቀቱን መቋቋም አቅቷቸው፣ አንድ ክረምት ሙሉ እርጥብ አንሶላ ተጠቅልለው ሲያለቅሱ ነበር የሚያድሩት። ያን ጊዜ ያጽናኗቸው በጣቢያው በር ላይ ዳቦ ይሸጡ የነበሩት፣ አርሂባ የሚባለው ሰፈር ነዋሪዋ ወይዘሮ ፋጤ ናቸው። ወይዘሮ ፋጤ አፋር ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ከወይዘሮ ፀዳል ነው፤ ወይዘሮ ፀዳልም አፋርኛን ከእሳቸው። አንዳቸው ሲወልዱ አንዳቸው አራስ ሲጠይቁ፣ አንዳቸው ሲጾሙ ሌላኛዋ ለማፍጠሪያ ሲያዘጋጁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው።

አቶ እንድሪያስ በ1985 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ዐረፉ። ወይዘሮ ፀዳል ሁለት ልጆች ይዘው ባዶ ቤት ሲቀሩ የጣቢያው ኃላፊዎች ለባለቤታቸው አገልግሎት ክብር ሲሉ የዕቃ ማቆያውን ክፍል እንዲይዙ ሰጧቸው። በፈረንሳይኛ «ኮንሲኝ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወደቡም፣ ገበያውም፣ የካርቲየ ሰባት ሰፈር ሰውም ስማቸውን ትቶ «ማዳም ኮንሲኝ» ነበር የሚላቸው። ክፍሉ ከትኬት መስኮቱ በስተግራ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ የሆነ፣ ነፋስ እንደልብ የሚገባበት ክፍል ነበር። መንገደኛ ሻንጣውን አስቀምጦ ገበያ ይወጣል፤ ነጋዴ ሴቶች ጨርቃቸውን አስቀምጠው ባቡር ይጠብቃሉ። በወይዘሮ ፀዳል ዘመን አንድም ዕቃ ጠፋ ተብሎ አያውቅም። ይህን የሚመሰክሩ ሰዎች ዛሬም እዚህ መሃላችን ተቀምጠዋል።

ባቡሩ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ጭራሽ ቆመ። ጣቢያው ግን አልተዘጋም። አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ግቢውን መናኸሪያ አደረጉት፤ የከባድ መኪና ሾፌሮችም ጭነት እስኪደርሳቸው አጥሩ ሥር ጥላ ይፈልጉ ነበር። ወይዘሮ ፀዳልም ክፍላቸውን ከፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው ሌላ ዓይነት መንገደኛ መምጣት የጀመረው። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ የሚመጡ ወጣቶች በረሃውን በእግርም በመኪናም አቋርጠው ጅቡቲ ይደርሳሉ፤ ከዚህ ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። አንድ ጠዋት ሁለት ልጆች አንዲት ሻንጣ ለሁለት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«እናቴ፣ ጀልባው ላይ ዕቃ አይፈቀድም አሉን። እዚህ እናስቀምጥ?»

«እስከ መቼ?» አሏቸው ወይዘሮ ፀዳል።

«እስክንደርስ። ደርሰን ስንደውል የሚወስድ ሰው እንልካለን።»

ገንዘብ ሊሰጧቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ወይዘሮ ፀዳል ተቆጡ። «በባሕር መንገደኛ ዕቃ ላይ ሳንቲም አልቀበልም። ስማችሁንና አገራችሁን ብቻ ንገሩኝ» አሏቸው። ስማቸውን በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጽፈው ሻንጣው እጀታ ላይ በመርፌ ሰፉት። ወሬው በመንገደኛው ዘንድ ተዳረሰና ሌሎችም መጡ። ልጆቹ ደህናውን ልብሳቸውን አውልቀው ሻንጣው ውስጥ ያስቀምጡና ለባሕሩ አሮጌውን ይለብሱ ነበር። ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት፣ እናት የሰጠችው የአንገት ልብስ፣ አዲስ ጫማ፣ ሁሉም እዚያ ይቀራል።

አንዳንዶቹ ደውለዋል። ከጅዳ የደወሉ አሉ፤ ሰው ልከው ያስወሰዱም አሉ። ብዙዎቹ ግን አልደወሉም። ወይዘሮ ፀዳል ክፍሉን በግማሽ ከፍለው የውስጠኛውን ለእነዚህ ሻንጣዎች ሰጡት። አየሩ ቀዝቀዝ በሚልበት ወራት ሁሉንም ግቢው ውስጥ እያወጡ፣ እየከፈቱ፣ ልብሱን እያራገፉ ያናፍሱታል፤ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ይጨምሩበታል፤ መልሰው ያስገቡታል። ወይዘሮ ፋጤ እያገዟቸው፣ «ፀዳል፣ ወላሂ የሙታን ልብስ ነው የምናጥፈው» ሲሏቸው፣ «ማን ሞቱ አለሽ? መንገድ ላይ ናቸው» ነበር መልሳቸው። በልባቸው ግን ያውቁት ነበር። ቤተሰብ ሲመጣ የሚያደርጉትን ያየ ሰው ማወቃቸውን አይጠራጠርም። አንድ የራያ አባት የሴት ልጃቸውን ሻንጣ ሊወስዱ መጥተው በነበረ ጊዜ፣ ወይዘሮ ፀዳል ሻንጣውን እንደ ሰው አቅፈው አውጥተው፣ መሬት ሳያስነኩ ነው እጃቸው ላይ ያስቀመጡላቸው። ከዚያም ሰውየው አልቅሰው እስኪጨርሱ ድረስ በሩን ዘግተው ውጭ ቆመው ጠበቁ።

በ2012 ዓ.ም. የአሮጌው ጣቢያ እድሳትና ማስፋፊያ ሊጀመር ነው ተባለ። አውቶቡሱም አዲስ የተዘረጋው ባቡርም በአንድ ግቢ የሚስተናገዱበት፣ ትልቅ አዳራሽ ያለው ጣቢያ ሊሠራ ነው። ሥራውን ከወሰደው ተቋራጭ ጋር ደግሞ ልጃቸው አማኑኤል የሳይት ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። በሕንፃ ሥራ ተመርቆ ዓመታት በየመንገዱና በየመጋዘኑ ግንባታ ላይ የለፋ ልጅ ነው። እናቱ በዚያ ቀን የነበራቸውን ደስታ የሚያስታውስ ሁሉ ያስታውሳል። «አያቱ ብረቱን በየደ፣ አባቱ ትኬቱን ቆረጠ፣ እሱ ደግሞ ጣቢያውን ሊሠራው ነው» እያሉ ለደብሩ ሰው ሁሉ ነግረዋል።

አማኑኤል አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፕላኑን አሳያቸው።

«ይኸውልሽ እማ፣ ይቺ ክፍል ያንቺ ናት» አላቸው በጣቱ እያመለከተ።

«መስኮት አላት?»

«መስኮት ምን ያደርግልሻል? ኤር ኮንዲሽን አላት።»

«ዕቃ ነፋስ ይፈልጋል» አሉት። ቢሆንም ደስ ብሏቸው ነበር። የተቋራጩ አለቃም ራሱ ወደ ክፍሉ መጥቶ፣ የቆዩትን ሻንጣዎች አይቶ፣ አዲሱ ክፍል ሳይጠናቀቅ አሮጌው እንደማይነካ በአፉ ነግሯቸዋል። ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ለማስፋፊያው ሲፈርስ ሲያለቅሱ ያጽናኑ የነበሩት ወይዘሮ ፀዳል ነበሩ። «ልጄ እዚያ ውስጥ ነው፤ ክፉ አይሠሩብንም» ይሏቸው ነበር። የራሳቸውም ቤት በ2013 ዓ.ም. ፈረሰና ጋቦዴ ሰፈር ወደሚገኘው የአማኑኤል ቤት ገቡ። በየቀኑ ግን በሚኒባስ ወደ ጣቢያው ይመጡ ነበር። በዙሪያው ሁሉ ፈርሶ፣ በአቧራው መሃል ያ የድንጋይ ክፍል ብቻውን ቆሞ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር እህታቸው ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ ይኸውም የፅዮናዊት እናት፣ ድሬዳዋ በጠና ታመሙ። ወይዘሮ ፀዳል ሊያስታምሙ ሲነሡ ቁልፉን ለአማኑኤል ሰጡት።

«አደራ። እኔ ሳልመለስ እንዳይነካ። ቢቸግርህ ደውልልኝ፣ በማግስቱ እመጣለሁ።»

«ምን በወጣው ይነካል? እኔ እያለሁ!» አላቸው።

ወይዘሮ ዓለምነሽ በመጋቢት ዐረፉ። ወይዘሮ ፀዳል እህታቸውን ቀብረው አርባዋን እስኪያወጡ እዚያው ቆዩ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ እዚህ ፕላኑ ተቀየረ። ለዕቃ ማቆያ የተባለው ቦታ ለሽቶ መደብር ተሰጠ። የወለሉ ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ስለደረሰ የተቋራጩ አለቃ የድንጋዩ ክፍል በአስቸኳይ ይነሣ አለ። አማኑኤል አልደወለም። በኋላ ሲጠየቅ፣ እናቱ ሐዘን ላይ ስለነበሩ ሊረብሻቸው እንዳልፈለገ ተናግሯል። ቁልፉን አውጥቶ በሩን ከፈተ። ሻንጣዎቹ ከፍርስራሹ ጋር በገልባጭ መኪና ተጭነው ከከተማ ውጭ ወዳለው ቆሻሻ መጣያ ሄዱ።

ወይዘሮ ፀዳል ከድሬዳዋ ተመልሰው ከአዲሱ ባቡር እንደወረዱ ቀጥታ ወደ አሮጌው ጣቢያ ነበር የሄዱት። ግቢው በቆርቆሮ ታጥሮ አገኙት። ወይዘሮ ፋጤ ዳቦአቸውን ከአጥሩ ማዶ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ሲያዩአቸው ተነሥተው አልሳሟቸውም፤ ነጠላቸውን ያዟቸውና፣ «ፀዳል፣ ጮህኩ፤ መኪናው ፊት ቆምኩ፤ ገፍተው አወጡኝ» አሏቸው።

«የት ወሰዱት?»

«ቆሻሻው ጋ።»

ጀንበሬ የሚባል የአዲስ አበባ የከባድ መኪና ሾፌር ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ለምነውት ሁለቱን ሴቶች ወደ መጣያው ወሰዳቸው። ጀንበሬ ዛሬ እዚህ አለ፤ ያየውን መናገር ይችላል። ሻንጣዎቹ ቀድመው ተከፍተው ነበር። ጫማና ልብስ የሚፈልጉ ድሆች ወስደዋል፤ ማንም አይወቅሳቸውም። የቀረው ከቆሻሻው ጋር እየነደደ ነበር። ወይዘሮ ፀዳል በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ የሐዘን ጥቁር ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ በጭሱ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው ይጎትቱ ነበር። ጀንበሬ በግድ ተሸክሞ እስኪያወጣቸው ድረስ አልወጡም። ያዳኑት ጥቂት ነው፤ በጀንበሬ ጋቢና ውስጥ ሁሉም ገባ።

በዚያው ምሽት ከአማኑኤል ጋር የተነጋገሩትን ሀና ነበረች የሰማችው።

«እማ፣ ሰዎቹ እኮ ሞተዋል። ሃያ ዓመት ሊሆን ነው የሞተ ሰው ልብስ ስትጠብቂ። እኔ አንቺን ማሳረፌ ነው።»

«ቁልፉን ሰጥቼህ ነበር» አሉት።

«እኔ ባልከፍትላቸው በሎደር ይገቡበት ነበር!»

«በሎደር ይግቡበት ነበራ! ጉልበታቸው ነው፣ ምን እላቸዋለሁ። በእኔ ቁልፍ ግን አይገባም ነበር።»

ከዚያ በላይ አልተናገሩትም። ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ሀና ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው ብትለምናቸውም እምቢ ብለው፣ አርሂባ ወይዘሮ ፋጤ ቤት ገቡ። ከመጣያው የተረፉትን ሻንጣዎችም እዚያው አስገቡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ጋቦዴን አልረገጡም።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከባቲ ወይዘሮ ሲምቦ የምትባል እናት መጣች። ልጇ ሙጠሊብ ከሦስት ዓመት በፊት ባሕር ላይ እንደቀረ፣ ከጀልባው የተረፈ ጓደኛው በቅርቡ ነው የነገራት። ያ ጓደኛው፣ «ሻንጣው ጅቡቲ ጣቢያ፣ ማዳም ኮንሲኝ ጋ ነው» ብሏት ነበር። የጆሮ ወርቋን ሸጣ በሰው አገር ቋንቋ ሳታውቅ እየጠየቀች አርሂባ ደረሰች። ወይዘሮ ፀዳል ስሙን ሲሰሙ አላመነቱም። ልጁን ያስታውሱት ነበር። ሰማያዊ ሸሚዙን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ኮሌታው እንዳይጎብጥ ከላይ ያስቀመጠ ልጅ ነበር።

ሲምቦ ከእሳት የተረፉትን ሻንጣዎች አንድ በአንድ እንድታይ ፈቀዱላት። የሙጠሊብ አልነበረበትም።

«ሸሚዙን ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለች ሲምቦ። «ቀብር የለውም። አገር ቤት ስመለስ እሱን ይዤ አለቅሳለሁ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ፀዳል ሻንጣዎቹን እንደገና አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመሩ።

«እርስዎ ጋ ነው ሲሉኝ፣ አልጠፋም ብዬ ነበር የመጣሁት» አለች ሲምቦ። አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። ወይዘሮ ፀዳል ኋላ ላይ፣ «ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር» ብለዋል። ሲምቦን በወይዘሮ ፋጤ ቤት አሳርፈው፣ እግሯን አጥበው፣ አብልተው፣ ጀንበሬ ባቲ እስከ ቤቷ በር በመኪናው እንዲወስዳት አድርገው ሸኟት። መኪናው ሲነሣ እጃቸውን አላውለበለቡም፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ወደ አፋቸው የሚያደርሱት ወይዘሮ ፋጤ ሲቆጧቸው ብቻ ነበር።

አዲሱ ጣቢያ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ተመረቀ። እውነት ለመናገር ያማረ ነው። ወለሉ ያብለጨልጫል፣ አዳራሹ ይቀዘቅዛል፣ አውቶቡሱ የሚመጣበት ሰዓት በመስታወት ሰሌዳ ላይ ይነበባል። ዕቃ ለሚያስቀምጥ ሰው በቁጥር የሚከፈቱ የብረት ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በማግሥቱ ያልተነሣ ዕቃ ይወገዳል የሚል ጽሑፍም በሦስት ቋንቋ ተለጥፎባቸዋል። በሽቶው መደብር ፊት ለፊት የክብር ወንበሮች ተደረደሩና ወይዘሮ ፀዳልም «የጣቢያው እናት» ተብለው ተጋበዙ። ሀናም ወይዘሮ ፋጤም እንዳይሄዱ መክረዋቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «ንግግር አድርጊ ብለውኛል፤ እናገራለሁ» ብለው ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ።

መድረክ ላይ ሲወጡ እንዲያስተረጉም አጠገባቸው የቆመው አማኑኤል ነበር። ማን እንደመረጠው አይታወቅም። እናትና ልጅ ከዚያ ክፉ ምሽት በኋላ ጎን ለጎን ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ወይዘሮ ፀዳል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአማርኛ እንዲህ አሉ፦

«እዚህ፣ አሁን እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ላይ፣ ባሕር የበላቸው ልጆች ዕቃ ነበር። እናቶቻቸው እስኪመጡ አደራ ተቀብዬ ነው ያስቀመጥኩት። አልተሰረቀም፣ አልተቃጠለብኝም። አውጥተው ቆሻሻ ላይ ጣሉት። የጣሉት እዚሁ ወንበር ላይ ናቸው። ከባቲ የመጣች እናት ባዶ እጇን ተመለሰች። የምትመርቁት ጣቢያ ይኸው ነው።»

በአዳራሹ የነበሩ አማርኛ የሚያውቁ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ሌላው እንግዳ ትርጉሙን ይጠብቅ ነበር። አማኑኤል ላቡን ጠረገ። ከዚያም በፈረንሳይኛ፣ «እናቴ በዚህ ቦታ ብዙ ትዝታ አላቸው። ለመንገደኞች የተሠራውን ይህን ውብ ጣቢያ በማየታቸው ደስ ብሏቸዋል፤ የደከሙትን ሁሉ ያመሰግናሉ» አለ።

ጭብጨባው ቀለጠ።

ወይዘሮ ፀዳል ፈረንሳይኛን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። እናቱ እንደሚያውቁት አማኑኤል ከማንም በላይ ያውቃል። ዞር ብለው ፊቱን አዩት፤ እሱ ወለሉን እያየ ነበር። ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሰው በፈረንሳይኛ፣ «ኖን፣ እኔ ያልኩት ይህን አይደለም» ማለት ሲጀምሩ ሙዚቃው ተለቀቀ። አንዲት ወጣት አበባ አስታቀፈቻቸው። ፎቶ አንሺዎች ተሰበሰቡ። ፊት ወንበር ላይ ለነበሩት እንኳ የተሰማ ነገር የለም።

በዚያ ፎቶግራፍ ላይ አበባ ታቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚስቁ ይመስላሉ። እየሳቁ አልነበረም፤ እየተናገሩ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ፎቶ በስልኩ ስለያዘ ለዚህ ጽሑፍ ሽፋን እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ቤተሰቡ ያልተቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምረቃው በኋላ የስኳር ሕመማቸው ተባባሰ፤ ዓይናቸው ደከመ፤ ቀጥሎም ኩላሊታቸው ተጎዳ። ሀና በየሳምንቱ ወደ ሆስፒታል እያመላለሰች፣ ወይዘሮ ፋጤ ቤታቸውን የሕመምተኛ ክፍል አድርገው፣ ፅዮናዊትም ከድሬዳዋ መጥታ አስታመዋቸዋል። አማኑኤልም መምጣት ጀመረ። በሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ይቀመጣል። ወይዘሮ ፀዳል ድምፁን ሲሰሙ፣ «ምሳ በልተሃል?» ይሉታል፤ «በልቻለሁ» ይላል፤ ሌላ አይነጋገሩም። ወራት እንዲህ አለፉ።

በዚህ ዓመት መጋቢት ወር አንድ ከሰዓት አማኑኤል ከዱካው ተነሥቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«እማ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

ወይዘሮ ፀዳል እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ዳበሱት። ፀጉሩ መመለጡን የዚያን ቀን ነው ያወቁት ይመስላል፣ እጃቸው እዚያ ላይ ቆየ። «እኔን ምን አደረግከኝ?» አሉት ቀስ ብለው። «የእኔን ሻንጣ አልጣልክም። እኔ በልጄ ላይ ቂም አልይዝም። ይቅርታውን ባቲ ሄደህ ጠይቅ። የሲምቦ ቤት የት እንደሆነ ጀንበሬ ያሳይሃል።»

«እሄዳለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ጠይቀውት አያውቁም። በመጣ ቁጥር ግን የመኪና ወይም የመንገድ ወሬ ከተነሣ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። እየጠበቁ እንደነበር አጠገባቸው ለነበርነው ግልጽ ነው። ወይዘሮ ፀዳል ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ በወይዘሮ ፋጤ ቤት፣ በሀና እቅፍ ውስጥ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አማኑኤል እስከዚያ ቀን ድረስ ባቲ አልሄደም።

ይህን ጽሑፍ አማኑኤል ትናንት አንብቦታል። እንዲወጣለት የጠየቀው ቃል የለም። በፈረንሳይኛም እንዲነበብ ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «እኔ አልተረጉመውም፤ ሀና ትተርጉመው» ብቻ ነው ያለው።

ወይዘሮ ፀዳል የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸውን አማኑኤልንና ሀናን፣ የእህታቸውን ልጅ ፅዮናዊትን፣ እንዲሁም እንደ እህት አብረዋቸው የኖሩትን ወይዘሮ ፋጤን በሐዘን ትተው ሄደዋል። ከመጣያው የተረፉት ሻንጣዎች አርሂባ በወይዘሮ ፋጤ ቤት ይገኛሉ፤ ልጁ በዚህ በኩል አልፎ የቀረበት ቤተሰብ የምታውቁ ሰዎች ንገሩልን፣ በሩ ክፍት ነው። በሕመማቸው ወቅት የጠየቃችሁ፣ ያስታመማችሁ፣ ዛሬም ከሥራችሁና ከመንገዳችሁ ቀርታችሁ ለሽኝታቸው የተገኛችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። መቃብር ያላገኙትን እነዚያን ልጆች አምላክ ያስባቸው። ለእናታችን ለፀዳልም በዚህ ምድር የተነፈጋቸውን ፍርድና ዕረፍት እርሱ ዘንድ ያድርግላቸው። አሜን።